ሦስት ጊዜ የተሰበረው ሽቦ

ሳጥኑ ባዶ ነበር።

ኢንባል ክዳኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ትናንት ከሰዓት በእጇ ያስገባቻቸው ስምንት አዳዲስ የማሞቂያ ሽቦዎች የሉም። ሳጥኑ ያለበት ቁም ሳጥን ቁልፍ አልተሰበረም።

ሽቦዎቹ ከውጭ አገር እስኪመጡ ሦስት ወር ፈጅተዋል። ያለ እነሱ የሸክላ መተኮሻው የኤሌክትሪክ ምድጃ ተራ ቆርቆሮ ነው። ኢንባል በአራት ዓመቷ ከዳባት ወደ እስራኤል የሄደች ሸክላ ሠሪ ናት። ከዓመት በፊት ምድጃውን ይዛ የተመለሰችው ቤተሰቡ ሁሉ ሲሄድ እዚሁ ለቀረችው አክስቷ ለአገርነሽና አብረዋት ለሚሠሩት ሴቶች ነበር።

ኢንባል የጠራቻት የፖሊስ ኢንስፔክተር እሌኒ ወዲያው ደረሰች።

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"እኔ ጋ። ሌላው ያርጋል ጋ።"

ያርጋል ምድጃውን የሚጠግነው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ቤቱ ሲፈተሽ አልጋው ሥር የተጠቀለለ ሽቦ ተገኘ።

"የስቶቭ ሽቦ ነው፤ የጎረቤት ስቶቭ ልጠግንበት ነው" አለ። "የምድጃው ከዚህ በጣም ይወፍራል። ሽቦው የሚቀመጥበትን ቦይ ሄደው ይዩት። ይሄ ውስጡ ይጫወታል።"

እሌኒ ሄዳ አላየችም። አሰረችው።

በሦስተኛው ቀን ከደረስጌ ስልክ መጣ። የያርጋል እናት አርፋለች።

"ልቅበራትና ልመለስ" ብሎ እሌኒን ለመናት። "ከፈለጉ በካቴና ይውሰዱኝ።"

"ነገ እናያለን" አለችው። እናቱ በዚያው ቀን ተቀበረች።

በማግስቱ እሌኒ የስቶቩን ሽቦ ይዛ ብቻዋን ወደ ምድጃው ሄደች። ቦዩ ውስጥ አኖረችው። ተንሸራቶ ወደቀ።

ቦዩ ጥግ ላይ ከአሮጌው ሽቦ የተረፈች አንዲት ቁራጭ ተሰንቅራ ነበር። ነቅላ ለያርጋል ወሰደችለት። ያርጋል ጫፏን በጣቱ ዳሰሰ።

"ይህቺ አልተቃጠለችም። በሥራ ላይ ብትቃጠል ጫፏ ቀልጦ ይድቦለቦል ነበር። በእጅ ነው የተሰበረችው። አንዴ የተተኮሰ ሽቦ ከቀዘቀዘ በኋላ ትንሽ ከተጣመመ ቀጭ ይላል።"

"ስንት ጊዜ ማገልገል ነበረበት?"

"መቶ ሃምሳ ጊዜ ይተኩሳል። ይሄ አርባም አልሞላ።"

"ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ እንዴት አላየህም?"

"እኔ ስደርስ ስብርባሪው ተጠርጎ ነው የማገኘው። እትዬ አገርነሽ ናቸው የሚያጸዱት።"

እሌኒ ተመልሳ ኢንባልን ጠየቀቻት።

"ሽቦው ከዚህ በፊት ስንቴ ተሰበረ?"

"ሦስቴ።"

"መቼ መቼ?"

ኢንባል ስልኳን ከፍታ ቀኖቹን ማንበብ ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች።

"ምነው?"

"ሦስቱም... የመመለሻ ቲኬት በቆረጥኩ ማግስት ነው።"

"አሁንስ?"

"ሽቦው በጠፋ ዋዜማ ለቅዳሜ ቆርጬ ነበር።"

"መቁረጥሽን ማን ያውቃል?"

ኢንባል በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። አገርነሽ እርጥብ ጋን አቅፋ ሆዱን በድንጋይ ታለሰልሳለች።

እሌኒ ወጥታ አጠገቧ ቆመች። አገርነሽ ቀና ብላ አየቻትና ድንጋዩን አስቀመጠች።

"ሽቦዎቹ ጭቃው ጉድጓድ ውስጥ ናቸው" አለች። "ቁልፉን ኢንባል ስትተኛ ከቦርሳዋ ወሰድኩት።"

"ያርጋል ሲታሰር ለምን ዝም አሉ?"

"በማግስቱ የሚፈቱት መስሎኝ። ኋላ እናቱ ሞተች። ከዚያ ወዲያ በየትኛው አፌ ልናገር?"

ኢንባል ከኋላ መጥታ ነበር።

"ግን ለምን፣ አክስቴ?"

"እናትሽ ስትሄድ 'በዓመቴ እመለሳለሁ' አለችኝ። አንቺን ታቅፋ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠበቅኋት። አንቺ ደግሞ 'ምድጃው ደህና ከሠራ እሄዳለሁ' አልሽ። ሲሰበር ግን ሌላ ሽቦ እስኪመጣ ትቆያለሽ። ሦስት ወር። ከዚያ ደግሞ ሦስት ወር።"

"ቆዪ ብትይኝ ኖሮስ?"

"ብልሽ ትቀሪ ነበር?"

ኢንባል የአክስቷን ጭቃ የነካ እጅ ይዛ እስከ ፖሊስ ጣቢያው አብራት ሄደች።

ያርጋል በማግስቱ ጠዋት ተፈታ። የእናቱ ሠልስት ነበር። እሌኒ በመኪና ላድርስህ አለችው። ደባርቅን አልፈው የቡይት ራስን ዳገት ወጡ።

"እህቴ በስልክ ነገረችኝ" አለ ያርጋል። "እናቴን 'ልጅሽ ሰርቆ ታሰረ' ያላት ሰው አለ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች አሉ። ከዚያ ወዲያ ለማንም ቃል አልተነፈሰችም።"

እሌኒ መሪውን ጨበጠች።

ደረስጌ ሲደርሱ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ዩኒፎርሟን አይቶ መንገድ ለቀቀላት። እሌኒ ባርኔጣዋን አወለቀች።

"ያርጋልን ያሰርኩት እኔ ነኝ" አለች። "አልሰረቀም። ሳላጣራ ነው ያሰርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

የሟች ወንድም፣ ሽማግሌው ገብረ ኪዳን፣ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

"ደግ አደረግሽ፣ ልጄ" አሏት። "ግን ይህን መስማት የነበረባትን ከትናንት ወዲያ ቀበርናት።"

ከታሰረ ጀምሮ እንባ ያልወጣው ያርጋል ያን ጊዜ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።