የበረኛው ኤቫሪስቶ የመጨረሻ ጠዋት

በረኛው ኤቫሪስቶ ቫላ የተገኘው ከራሱ ግብ ሥር ነው። አሸዋው ላይ በአፍጢሙ ተደፍቶ፣ የግቡ ብረት ከነመረቡ ወደ ፊት ወድቆበት፣ አግዳሚው ማጅራቱ ላይ አርፎ ነበር። ጊዜው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ፣ ቀኑ ደግሞ የፍጻሜው እሑድ ነው። በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የፖርቱጋሏ የናዛሬ ከተማ ክለብ ባርካ ኖቫ ለአውሮፓ ክለቦች የባሕር ዳርቻ እግር ኳስ ዋንጫ ከአንድ የሲሲሊ ቡድን ጋር ሊጫወት ነበር። የዓሣ አጥማጆቹ ክለብ እዚህ ሲደርስ የመጀመሪያው ስለሆነ ከተማው ሌሊቱን በየሰገነቱ ቢጫ ጨርቅ ሰቅሎ አድሯል።

ኢንስፔክተር ዱልሴ ፓሽኮዋል ሦስት ሰዓት ላይ ከአውራጃው ዋና ከተማ ከሌይሪያ ደረሰች። ቁመቷ አጭር፣ ወፍራም መነጽር የምታደርግ፣ የሰርዲን አጥማጅ ልጅ ናት።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር» አላት የከተማው ፖሊስ። «ሁልጊዜ ጠዋት አግዳሚው ላይ ተንጠልጥሎ ወገቡን ያፍታታል አሉ። ግቡን ከኋላ የሚይዙት የአሸዋ ከረጢቶች ገመድ ተፈትቶ ኖሮ ይዞት ወደቀ።»

«ማን ነው ‹አሉ› የምትለው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም አንድ ነገር ሲናገር ደስ አይለኝም» አለችና ጫማዋን አውልቃ ወደ አሸዋው ገባች።

ሬሳውን የሸፈነውን ሰማያዊ ሸራ ገለጠች። የኋላ ጭንቅላቱ ተሰንጥቋል። ሁለቱም እጆቹ ከጎኑ ተዘርግተዋል፤ አሥሩም ጣቶቹ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ ፕላስተሩ ገና ከጥቅሉ የወጣ ይመስል ንጹሕ ነው። ጫፎቹን አየች፤ በመቀስ እኩል ተቆርጠዋል። ቀጥሎ አግዳሚውን በጣቷ አበሰች። ጣቷ ጭቃ ሆነ።

ከግቡ ኋላ ዞራ ከከረጢቶቹ ገመድ አጠገብ ተንበረከከች። ገመዱ አልተበጠሰም፤ አልሾለከም። ቋጠሮው በእጅ ተፈትቷል። ጥቂት ራቅ ብሎ የዕቃ ሣጥኑ ተከፍቶ ነበር። የሜዳው መስመር የሚሆነውን ሰማያዊ ጥብጣብ አሸዋው ውስጥ የሚተክሉበት የእንጨት መዶሻ ከሁሉም ዕቃ በላይ ተቀምጧል። ሌላው ዕቃ ደረቅ ነው፤ መዶሻው ግን ርሷል። አሸተተችው፤ ባሕር ባሕር ይላል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሜዳ ጠባቂውን ቤልሚሮን ነው። ሽማግሌው ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ይጨምቃል።

«አንድ ሰዓት ላይ አሸዋውን በቱቦ አጠጣሁ» አለ። «ገመዶቹንም አየሁ። በልጆቼ እምላለሁ፣ ጠብቀው ነበር። አንድ ከአሥር ላይ ቁርሴን ልበላ ስሄድ ኤቫሪስቶ ሲመጣ ተላለፍን።»

«አግዳሚው ለምን ጭቃ ሆነ?»

«ቱቦው አሸዋውን ይረጨዋል፣ እመቤት። ከቁርስ በኋላ ነው የምወለውለው።»

«ያገኘው ማን ነው?»

«ቫስኮ። ጮኸብኝ፤ ሮጬ መጣሁ። ሁለት ሆነን ብረቱን አነሳንለት። አንገቱን ዳሰስኩት፣ የደም ሥሩ አይመታም። ወዲያው ሸራ አለበስኩት። ከዚያ በኋላ ማንንም አላስጠጋሁም።»

«ከእናንተ ከሁለታችሁ ሌላ ሬሳውን ያየ አለ?»

«ፖሊሱ እስኪመጣ? ማንም።»

ተጠባባቂው በረኛ ቫስኮ ሊምፒኞ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለስድስት ዓመት አግዳሚ ወንበር ሲያሞቅ ኖሯል።

«እኔ ነኝ የምትይኝ አይደል?» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ዛሬ እኔ ልገባ ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያየኝ።»

«እኔ ገና ምንም አላልኩህም። ጣቱን ማን ይጠቀልልለታል?»

«ራሱ። ፕላስተሩን በጥርሱ ነበር የሚበጥሰው፤ እንደ ውሻ ትበላዋለህ እያልን እንስቅበት ነበር። ትናንት ግን በግማሽ ፍጻሜው አውራ ጣቱ ወለም አለው።» ቫስኮ ዙሪያውን አየ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ትናንት ከጨዋታው በኋላ ከሚስተር ጋር ሲጣሉ ሰምቻለሁ። ኤቫሪስቶ ‹ሰው ሞቶ የሚመጣ ዋንጫ አልፈልግም› አለው።»

ሚስተር የሚሉት አሰልጣኛቸውን አቢሊዮ ኮዲኛን ነው። ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ቀረበ።

«ስለ አጨዋወት ነው የተጨቃጨቅነው» አለ።

«‹ሰው ሞቶ› የሚባል አጨዋወት አለ እንዴ፣ ሚስተር?»

«ኢንስፔክተር፣ ኳስ ውስጥ ብዙ ነገር ይባላል። እኔ እስከ ሁለት ሰዓት ከአዘጋጆቹ ጋር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስምንት ሰው አይቶኛል። ይጠይቁ።»

ጠየቀች። እውነቱን ነው።

ከእሱ ቀጥሎ አምበሉ ኖርቤርቶ ሜካ መጣ። የሟቹ ሚስት ኢዳሊና ታናሽ ወንድም ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ ኳስን በአየር ላይ ተገልብጦ በመምታት በመላ ፖርቱጋል የታወቀ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ከእንቅልፌ ነው የቀሰቀሱኝ» አለ። «ቫስኮ ቡድኑ ያረፈበት ሆቴል ድረስ ሮጦ መጣ። እንደተኛሁበት ነው የመጣሁት።»

«ስትደርስ ምን አየህ?»

«ምን አያለሁ? ሸፍነውታል። ልቅረብ ብል ቤልሚሮ ገፈተረኝ። የእህቴን ባል!»

«ያን ያህል ምን አስነሳው በጠዋት?»

«ግትር ስለሆነ ነዋ! ትናንት ጣቱ ሲጎዳ ‹ነገ ጠዋት እንኳ ዕረፍ› ብዬው ነበር። እሱ ግን አሥሩንም ጣቱን አስጠቅልሎ ወጣ። መቼ ሰው ይሰማል!»

ዱልሴ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ ወርዶ እግሩ ላይ ነበር። አሸዋ ላይ የሚጫወቱ ሰዎች በባዶ እግራቸው ስለሆነ ቁርጭምጭሚታቸውን በፋሻ ያስራሉ። የኖርቤርቶ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶች ታስረዋል። ፋሻው ርሷል፤ የግራው ከቀኙ ወፈር ይላል።

«በል ሂድ፣ እህትህ ጋ ሁን» አለችው።

የቀረችው የቡድኑ ወጌሻ ግራሲዬት ናት። ቀጭን፣ ፈጣን ሴት፤ መቀሷ ከቀበቶዋ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ አላየሁትም» አለች።

«መቀስሽን ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ጣቶቹ ላይ ያለው ፕላስተር በመቀስ ተቆርጧል። በዚያ አውራ ጣት ራሱ ሊጠቀልል አይችልም። ከቡድኑ መቀስ የምትይዥው አንቺ ብቻ ነሽ። ወይ አሁን ትነግሪኛለሽ፣ ወይ ሌይሪያ ሄደን ትነግሪኛለሽ።»

ግራሲዬት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉም በቡድኑ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰቡ። ኢዳሊናም መጣች፤ ጥቁር ለብሳለች። ወንድሟ አጠገብ ተቀምጣ እጁን ይዛለች። ዱልሴ ይህን ስታይ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«ኤቫሪስቶ በአደጋ አልሞተም» አለች። «አግዳሚ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ግቡ ሲወድቅ በጀርባው ነው የሚወድቀው፤ ብረቱም ፊቱን ወይም ደረቱን ነው የሚመታው። እሱ ግን በአፍጢሙ ተደፍቷል፤ የተመታውም ከኋላ ነው። ደግሞም አግዳሚው ጭቃ ነበር፤ የጣቶቹ ፕላስተር ግን ንጹሕ ነው። ኤቫሪስቶ ዛሬ አግዳሚውን አልነካም።»

መነጽሯን መልሳ አደረገች።

«አንድ ሰው በእንጨት መዶሻ ከኋላ መታው። ከዚያ ገመዱን ፈትቶ ግቡን ጣለበት። መዶሻውን ባሕር ውስጥ አጥቦ መለሰው፤ ሣጥኑ ውስጥ ከደረቅ ዕቃ መሃል የራሰው እሱ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ከአሥር እና አንድ ከአርባ መካከል ነው።»

«ለምን? ኤቫሪስቶን ማን ይጠላዋል?» አለች ኢዳሊና።

«የጠላው የለም። ግራሲዬት፣ ንገሪያት።»

ወጌሻዋ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። «በግንቦት የኖርቤርቶ ልብ ተመረመረ። ሐኪሙ ‹ቀዶ ሕክምና ሳያደርግ አንድ ጨዋታ እንኳ እንዳይጫወት፣ ሜዳ ላይ ሊሞት ይችላል› ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ለሚስተር ሰጠሁት። እሱም መሳቢያው ውስጥ ቆለፈው።»

«እሱ ራሱ ለመነኝ!» አለ አቢሊዮ። «ተንበርክኮ ነው የለመነኝ!»

«እርስዎም እሺ አሉ» አለች ዱልሴ። «ሦስት ሰዎች አውቃችሁ ዝም አላችሁ። ኤቫሪስቶ ትናንት ከግራሲዬት ሰማ፤ ዝም ማለት አልቻለም። ዛሬ ጠዋት ግራሲዬት ጣቱን እየጠቀለለች የወረቀቱን ቅጂ ሰጠችው። ማሊያው ውስጥ ከተተው። ሦስት ሰዓት ላይ ለውድድሩ ሐኪም ሊሰጥ ነበር። ሬሳው ላይ ግን ወረቀት የለም።»

ኢዳሊና የወንድሟን እጅ ቀስ ብላ ለቀቀች።

«ኖርቤርቶ» አለች ዱልሴ፣ «ሸራ ከለበሰ ሬሳ በቀር አላየሁም አልከኝ። ታዲያ ሁልጊዜ ራሱ የሚጠቀልለው ሰው ዛሬ አሥሩንም ጣቱን እንዳስጠቀለለ በምን አወቅህ? ደግሞ ከእንቅልፌ ተቀሰቀስኩ አልክ። ቁርጭምጭሚቱን አስሮ የሚተኛ ተጫዋች አለ? ፋሻህስ በምን ራሰ? የሜዳ ልብስ ኪስ የለውም። የግራ እግርህን ፍታልኝ።»

«ኖርቤርቶ፣ ፍታና አሳያት!» አለች ኢዳሊና። «ፍታና ውሸት መሆኑን አሳያት!»

ኖርቤርቶ አጎንብሶ ፋሻውን ይፈታ ጀመር። እየፈታ ዙሩ አላልቅ አለ። በመጨረሻ በአራት የታጠፈ፣ በባሕር ውሃ የራሰ ወረቀት አሸዋው ላይ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

«ሳይነግረኝ ሊሄድብኝ አልፈለገም» አለ ኖርቤርቶ። «መጀመሪያ ለእኔ ሊነግረኝ ሜዳ ጠራኝ። ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ አልኩት። ሦስት ጊዜ አሥራ ሁለት ደቂቃ! በገዛ ከተማዬ፣ አንድ ጊዜ! ከዚያ ብሞትም ልሙት። ‹ለእህትህ ምን ብዬ ልንገራት?› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ግቡ ሄደ። መዶሻው እግሬ ሥር ነበር።»

ኢዳሊና ተነሳች። ሁሉም ትመታዋለች ብለው ጠበቁ።

«አንተስ?» አለችው። «አንተስ አሁን ለእኔ ምን ብለህ ትነግረኛለህ?»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት በባዶ እግሩ ነበር፤ የተፈታው ፋሻ ከኋላው አሸዋው ላይ እየተጎተተ ሄደ።

ፍጻሜው አልተካሄደም። ባርካ ኖቫ ከውድድሩ ወጣ። የሲሲሊ ተጫዋቾች ዋንጫውን ባዶ ወንበሮች ፊት ተቀበሉ፤ አምበላቸው ከፍ ሳያደርገው ከረጢት ውስጥ ከተተው። አቢሊዮና ግራሲዬት የልብ ምርመራውን ውጤት በመደበቃቸው ተከሰሱ። ቫስኮ ከዚያ ወዲህ ጓንት አላጠለቀም።

በኅዳር ወር ዱልሴ ብቻዋን ወደ ናዛሬ ተመለሰች። ኢዳሊና ዳርቻው ላይ የተሰነጠቀ ዓሣ መረብ ላይ ታሰጣ ነበር። ነፋሱ ጥቁር ቀሚሷን ይገፋል።

«ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው የመጣሁት» አለች ዱልሴ። «እስር ቤት ሲገባ ሐኪሞች መረመሩት። ባለፈው ሳምንት ልቡን ቀደዱት፤ ተሳክቷል። ራሱን ከጠበቀ እስኪያረጅ ይኖራል ብለዋል።»

ኢዳሊና አንዱን ዓሣ ገለበጠች። ቀጥሎም ያለውን ገለበጠች።

«ኤቫሪስቶ ያን ጠዋት ከአልጋ የተነሳው ለዚህ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«የፈለገውን አገኘ እንግዲህ።» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እስር ቤቱ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፣ ኢንስፔክተር?»

«ግቢ አላቸው። ይጫወታሉ።»

«ይጫወት» አለች ኢዳሊና፣ ወደ ዓሣዋም ዞረች።