ከሺህ ስምንት መቶ ብር ጀምሮ

ታቢታ መዋሸት አይሆንላትም። ከመዘምራን ልምምድ ስትቀር እንኳ «ራሴን አሞኝ ነው» ማለት እያቃታት «ሰንፌ ነው» የምትል ልጅ ናት። ይህችው ልጅ ናት እንግዲህ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለው የእትዬ ሙሉጌጥ የስጦታ ዕቃ መደብር ውስጥ ቆማ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ «ዶላር ጨምሮ ነው» ያለችው።

ያስዋሻት አንድ የቆርቆሮ ሮቦት ነው። ቁመቱ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው፤ ደረቱ ላይ ቀይ መስኮት፣ ጀርባው ላይ ቁልፍ አለው። ቁልፉን ሲሞሉት ግር ግር እያለ ይራመዳል። እትዬ ሙሉጌጥ ከአዲስ አበባ ባመጡት ካርቶን ውስጥ ከአሻንጉሊት ድቦች ጋር ተቀላቅሎ መጣ፤ ሺህ ስምንት መቶ ብር ለጥፈውበት መደርደሪያ ላይ ወጣ። ልጆች ባትሪ እንደሌለው ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩበት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረዘም ያለ ወጣት ገባና ሮቦቱ ፊት ተገትሮ ቀረ።

«ይሄን ማን አመጣው?»

«ካርቶን» አለች ታቢታ።

ወጣቱ ሳቀ። ሳቁ ደስ አላት።

«የድሮ ዕቃ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

«መልኩ የድሮ ነው፤ ራሱ ግን አዲስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስንት ዘመናቸው! ፋብሪካው አሁን በዱሮው ቅርጽ እንደገና አወጣው። የጥንቱን እኔና አንቺ አንችለውም። ይሄም ቢሆን ማምረቱን ሲያቆሙ ዋጋው አይቀመስም።»

ኦሊያድ ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ሠራተኛ ነው። ልጅ ሳለ ነቀምቴ፣ ጎረቤታቸው መስኮት ላይ እንዲህ ያለ ሮቦት ቆሞ ነበር። መንካት ክልክል ነው። ከዚያ ወዲህ ባገኘው አጋጣሚ መሰብሰብ ያዘ።

ሮቦቱን በሁለት እጁ አንስቶ አየውና መልሶ አስቀመጠው፤ ፊቱን ወደ በሩ አዞረለት። «ደመወዝ ሲወጣ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። ታቢታ ቀኑን ሙሉ እነዚያን እጆች ስታስብ ዋለች።

ደመወዝ ወጣ፤ ኦሊያድም መጣ።

«ስንት ገባ?»

ሺህ ስምንት መቶ ልትል አፏን ከፈተች። ግን ከገዛው በኋላ ምን ሊሠራ ይመጣል? ይህን ስታስብ ምላሷ ቀደማት።

«ሁለት ሺህ ሁለት መቶ።»

«እንዴ! በዚች ጊዜ ውስጥ?»

«ዶላር ጨምሮ ነው።»

ኦሊያድ እሷን አያት። እሷ ሮቦቱን አየች።

«እንግዲያው ትንሽ ላጠራቅም» አለና ዝናቡ እስኪያባራ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ ይህን ያህል የሚያስቀምጥ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ታቢታ ሮቦቱ ላይ ከፍ ያለ ዋጋ እየቀያየረች ትለጥፍ ጀመር፤ የቀን መቁጠሪያዋም እሱ ሆነ። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሲገባ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደው ዓሣ በሉ፤ ኦሊያድ አጥንቱን እየለቀመ ሥጋውን ወደ እሷ ገፋው። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሲገባ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በሲዳሙ አፎ ሰላምታ አስተማረችው፤ እያጣመመ ሲለው በሳቅ ሞተች። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ላይ ዝም ብለው ሐይቁን ሲያዩ አመሹ። አራት ሺህ ሲሞላ እንደምትወደው ለራሷ አመነች። ለእሱ ግን አልነገረችውም። በየጊዜው የምታታልለውን ሰው እወድሃለሁ የሚባለው በየትኛው አፍ ነው?

የገና በዓል ሲቃረብ አንድ ቀን ምሳ በልታ ስትመለስ የሮቦቱ ቦታ ባዶ ነው።

«ያንን ቆርቆሮ ገላገልኩሽ!» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ። «በግማሽ ዋጋ ለአንዲት እናት ሸጥኩት። ለመሆኑ አራት ሺህ ብሎ የለጠፈበት ማነው? ጤነኛ ነው?»

«ደግ አደረጉ እትዬ» አለችና ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ ድቦቹ መሀል አለቀሰች።

ቅዳሜ ኦሊያድ መጣ። ከሰላምታው በፊት ዓይኑ ባዶው ቦታ ላይ አረፈ።

«ተሸጠ?»

«ተሸጠ።»

ፊቱ ጭልም ሲል ታቢታ አንጀቷ አልቻለም።

«ዶላር አልጨመረም» አለች። «እኔ ነኝ የጨመርኩት። መጀመሪያ በተለጠፈው ዋጋ ልትወስደው ትችል ነበር። ከገዛኸው አትመጣም ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።»

ኦሊያድ «እንዳትሄጂ» ብሎ ወጣና ባጃጅ አስቁሞ ተሳፈረ። ታቢታ ባዶውን ቦታ እያየች በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ተቀይሞ እንደሄደ አልተጠራጠረችም።

ሲመለስ ጠርዙ የተላላጠ ካርቶን አቅፎ ነበር። ከፈተው። ያው ሮቦት ነው፤ ቀይ መስኮቱም፣ ቁልፉም።

«ከሴትየዋ ገዛኸው?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ አዲስ አበባ ነው የገዛሁት።»

«ታዲያ የእኛው ምን ሊያደርግልህ ነበር?»

«ምንም። አንቺን ማየት ነበር የፈለግኩት። ዋጋ ከመጠየቅ ሌላ የምለው ጠፋኝ።» ጆሮው ቀላ። «ደግሞ የእነዚህን ዋጋ ሁሌ የምከታተል ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ሁለት ሺህ እንኳ አልሞላም።»

«እያወቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«ብነግርሽ ታወርጂዋለሽ። ካወረድሽው ደግሞ መግዛቴ ነው።»

«ለካ አንተም ውሸታም ነህ!» አለችው፤ እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ መጣ። እጇን ሲይዛት አልከለከለችውም።

ከጀርባቸው የእትዬ ሙሉጌጥ ድምፅ ተሰማ። «ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ በግማሽ ዋጋ ብዬ የሰው ትዳር ላፈርስ ነበር!»

ኦሊያድ የራሱን ሮቦት ባዶው ቦታ ላይ አቆመው፤ ፊቱን ወደ በሩ አዞረለት።

በዓመቱ ሽማግሌዎች ቡሹሎ ወደሚገኘው የታቢታ ወላጆች ቤት ሄዱ፤ እሺ ተባሉ። የታቢታ አባት አቶ ሽበሺ «ልጁን ራሱን አምጡልኝ» ብለው ኦሊያድ ሲቀርብ፣ ያስተማረችውን ሰላምታ እንደ ልማዱ አጣሞ አቀረበ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አቶ ሽበሺ ግን ኮስተር ብለው ጠየቁት።

«ከልጄ ጋር ከመቼ ጀምሮ ነው የምትተዋወቁት?»

ኦሊያድ ደነገጠ። የመጣለትን ተናገረ።

«ከሺህ ስምንት መቶ ብር ጀምሮ ነው ጋሼ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኦሊያድ ላብ በላብ ሆኖ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳ፤ ሮቦቱን፣ ዶላሩን፣ ግማሽ ዋጋውን ሳይቀር። አቶ ሽበሺ እስኪጨርስ አዳመጡት። ከዚያ በሩ ጥግ አንገቷን ደፍታ ወደቆመችው ልጃቸው ዞሩ።

«አሁንስ ስንት ገባ?»

ታቢታ ቀና አለች። በዚህ ቤት ደግሞ ዋሽታ አታውቅም።

«አይሸጥም አባዬ።»