መጀመሪያ ደረቱን

«ዚፕ! ዚፕ ነው ያለው!» ሮኒታ የያዘችውን ማጉያ መነጽር ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ምን ሆነሽ ነው የምትጮኺው?» አለ የአጎቷ ልጅ ደሬል ከሶፋው ላይ ቀና ሳይል። የቤዝቦል ተጫዋቾች አድማ ከመቱ ወዲህ ቴሌቪዥኑ የሚታይ ነገር ስላልነበረው፣ ሥራው ሰው በነገር መንካት ሆኗል።

«የአባባ አባት ማልያ ዚፕ አለው!»

«ታዲያ ራቁቱን ይጫወት?»

ደሟ ፈላ። «አንተ ደንቆሮ! ዚፕ ማልያ ላይ የመጣው ከ1937 ወዲህ ነው። የአባባ አባት ደግሞ በ1934 ሞቱ፤ አባባ ገና በእናታቸው ሆድ እያሉ። ይሄ ሰውዬ ማንም ይሁን ማን፣ አባታቸው አይደለም!»

ደሬል አሁን ተነስቶ ተቀመጠ።

ፎቶው ሮኒታ ሳትወለድ ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለ ነው። አያቷ አባባ ከአባታቸው የቀራቸው ነገር እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት በአጠገቡ ሲያልፉ «እንደምን አደርክ አባዬ» ይሉታል። ፍሬሙ ውስጥ ያለው ወፍራም ካርቶን ደረቱን ሸፍኖ ፊቱን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ዚፑን ያየ ሰው አልነበረም። ዛሬ ከፍሬሙ የወጣው ነገ በቤተክርስቲያኑ አዳራሽ አባታቸው ይጫወቱበት ነበር የሚባለው የብረት ፋብሪካው የድሮ የቤዝቦል ቡድን ፎቶዎች ስለሚታዩ ነው። ከሁሉም ፊት የሚሰቀለው ይሄ ነው። ሥሩ ላይ ስምና ዓመት የምትጽፈው ደግሞ እሷ ናት። እድሏን ረገመች።

ከሁሉ ያናደዳት ይህን ሙያ ያስተማሯት እራሳቸው አባባ መሆናቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የቤዝቦል ፎቶ ሲለቅሙ «ፊቱን ተይው፣ ፊት ያታልላል። መጀመሪያ ደረቱን እይ» ይሏታል። ቁልፉን፣ ኮሌታውን፣ የፊደሉን አሰፋፍ ማለታቸው ነው። ባለፈው እሁድ ወይዘሮ ኦፓል የአጎታቸውን ፎቶ ይዘው መጥተው «የ1920 ነው» ሲሉ፣ አባባ ገና አንዴ አይተው «ኮሌታው አይደለም ይላል» ብለው መለሱላቸው። ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ ግጥም ብሎ ነበር የወጡት።

«ላሽ በይው ባክሽ» አለ ደሬል። «ካርቶኑን መልሽና 1933 ብለሽ ጻፊ። ማን ነው አዳራሽ ድረስ መጥቶ ዚፕ የሚፈትሽ?»

«ወይዘሮ ኦፓል!»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

ካርቶኑን መለሰችው። ልክክ ብሎ ገባ፤ ዚፑም ጠፋ። እንዲህ ቀላል መሆኑ ይብስ አበሳጫት። ለመሆኑ አባት ለሌለው ልጅ የሰው ፎቶ አንስቶ «አባትህ ነው» ብሎ የሰጠው ማነው? ያ ሰው ያመጣው ጣጣ ሄዶ ሄዶ እሷ ላይ መውደቁ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

በሩ ተከፈተ። አባባ ጸጉራቸውን ተስተካክለው፣ የነገውን ሙሉ ልብስ ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ገቡ። ፊታቸው በርቷል።

«የኔ ልጅ፣ ጻፍሽው?»

«አልጻፍኩም።»

«እስካሁን? ዓመቱ ጠፍቶሽ ነው? 1933 በይው እንጂ! እናቴ በአፏ ነው የነገረችኝ።» ጎንበስ ብለው ፎቶውን አዩትና ሳቅ አሉ። «አፍንጫውን አየሽልኝ? ቁርጥ የኔን!»

አፍንጫው የሳቸውን አይመስልም። ደሬል ከሳቸው ጀርባ ቆሞ በአይኑ «እንዳትናገሪ» ይላታል። እስክሪብቶውን አነሳች። የ1933ን «1» ጻፈችና ቆመች። ነገ ወይዘሮ ኦፓል ሰው ፊት «ዚፑስ?» ሲሏቸው ታያት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠችው።

«ደሬል፣ እስቲ ለአባባ ውሃ አምጣላቸው።»

«ውሃ ማን ጠየቀ?» አሉ አባባ።

ከጎኗ ያለውን ወንበር ሳበችላቸውና ካርቶኑን በቀስታ አወጣችው። ማጉያውን እጃቸው ላይ አስቀምጣ፣ የራሷን እጅ ከላዩ ላይ አላነሳችም።

«ይቀመጡ አባባ» አለች። «ፊቱን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ ደረቱን ይዩ።»