በፖሊሱ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ

ስልኩን ለፖሊሱ የሰጠችው ራሷ ናት። አልነጠቃትም፣ አልጮኸባትም። እጁን ዘረጋ፣ ሰጠችው። ያውም የራሷን ሳይሆን የአክስቷን።

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አለች አክስቷ፣ የሆቴሉ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ። ግማሽ ልብሷ ሻንጣ ውስጥ፣ ግማሹ ወንበር ላይ ነው። የዕረፍታቸው የመጨረሻ ቀን ነበር። አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ ይነሳል፤ ነገ ጠዋት ደግሞ አክስቷ ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ናት። ዕረፍቷን ያገኘችውም ጓደኛዋ ስለሸፈነችላት ነው። «ቀስ ብለሽ። ምንም ሳታስቀሪ።»

ቤተሰቡ «ለምንዬ» ብሎ የሚጠራት ይቺ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ጥያቄ ጨርሳ አታውቅም። ዛሬም ጉድ ያደረጋት እሱው ነው። ወንዙ ላይ ያለው አሮጌ የብረት ድልድይ ጀልባ ሲመጣ መሃሉ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ላይ ይነሳል። ያን ሁሉ ብረት ምን እንደሚያነሳው ማወቅ ፈለገች። ውሃ ልትገዛ በወጣችበት ሥሩ ገብታ ጥርሳም መዘውሮቹን በአክስቷ ስልክ ፎቶ አነሳች። ቀና ስትል ፖሊሱ አጠገቧ ቆሟል።

«ድልድዩን ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው አለኝ። የት ተጽፏል አልኩት።»

«ጎሽ!» አለ የአክስቷ ልጅ ከመስኮቱ ሥር። ዩኒቨርሲቲ የገባው አምና ነው፤ የሚያጠናው ስለ አፈር ነው። ቤት ውስጥ ግን ስሙ ጠበቃው ነው፤ ከጥላው ጋርም ቢሆን ይከራከራል።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለች እናቱ። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳቀ። ጠያቂ ልጅ ደስ ይለኛል አለ። ሲያወሩት እኮ ደስ የሚል ሰው ነው፣ እቴቴ። ከየት መጣችሁ፣ ከማን ጋር ነሽ፣ ምናምን አለኝ። መለስኩለት። ፎቶውን ላሳየው ስልኩን ስሰጠው አየት አደረገና ኪሱ ከተተው። ጣቢያ ከሄደ ለምርመራ ሦስት ቀን ይቆያል አለ። ግን አዝኖልኝ፣ ከድልድዩ ኬላ ጀርባ ያለው ሻይ ቤት፣ በጓዳው በር፣ ትልቅ ሰው ይዤ ከመጣሁ ይጨርስልናል። የሻይ ብቻ።»

አክስቷ በረጅሙ ተነፈሰችና ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። «የሻይ ከሆነ የሻይ ነው። ሰጥቼው ልገላገል።»

«እማ! ጉቦ እኮ ነው! እኔ ሄጄ ልክ አስገባዋለሁ!»

«አንተ ልክ ስታስገባ እኔ ስልክ ትቼ ልጅ ላስፈታ ነው። ቁጭ በል!»

ጠበቃው ቁጭ አለ። ለምንዬ ግን ቆማ ቀረች። አፍራለች፤ ከእፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ይከነክናታል። መዘውሮቹን ስታይ እንደተሰማት ዓይነት ነው። የትኛው ጥርስ የትኛውን እንደሚያዞር ለማወቅ መፈለግ።

«እቴቴ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።»

«መቼ ገብቶሽ ያውቃል?»

«የምሬን ነው። መጀመሪያ ቅጣቱ ቀላል ነው፣ ጣቢያ ሄዳችሁ ወዲያው ትጨርሳላችሁ ነበር ያለኝ። ከዚያ መቼ ነው የምትመለሱት አለኝ። ዛሬ ከሰዓት፣ አክስቴ ነገ ሥራ አለባት አልኩት። ሦስት ቀን የሚባለው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ሲጎተት ይሰማል።

«ሌላስ ምን ነገርሽው?» አለች አክስቷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የጠየቀኝን ሁሉ። ሆቴሉን ሳይቀር።» ትልቅ ሰው ሲጠይቅ አጥርቶ መመለስ ነው ያደገችበት። ለዚህም ስትመሰገን ነው የኖረችው። «እኔ እኮ ወሬ መስሎኝ ነው። ለካ እየለካኝ ነበር።»

«ማለት?»

«ነገ እንሄዳለን ብዬው ቢሆን ኖሮ አራት ቀን ይፈጃል ይለኝ ነበር። ሥራ ባይኖርብሽ ደግሞ ምንም የሚለው አልነበረውም። የያዘው ስልኩን ብቻ አይደለም፤ ጥድፊያችንን ነው የያዘው።»



አክስቷ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ሃያ ዓመት ሙሉ ስታዋልድ፣ በር ላይ ቆሞ «ቶሎ አድርጉልን!» እያለ የሚያካልብ ባል ስንቴ ወደ ግቢ አባርራለች። ራሷ ስትጣደፍ ግን የሚያባርራት ሰው አልነበረም። «ጓዳ አንገባም» አለች በመጨረሻ። «ደረሰኝ ወዳለበት ነው የምንሄደው። ሦስታችንም፣ አብረን። አንተ ድምፅህን ከፍ ካደረግህ በእግርህ ነው ቤት የምትገባው።»

ጣቢያው ከገበያው ማዶ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ ከሁለት መቀመጫ ጋር። ከጠረጴዛው ጀርባ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሳጅን ተቀምጣለች።

«ድልድይ ፎቶ አንስተን ነበር» አለች አክስቷ በትሕትና። «ቅጣቱን የት ነው የምንከፍለው?»

ሳጅኗ መነጽሯን አወረደች። «የምን ቅጣት? እዚያ ድልድይ ላይ ሙሽራ ሁሉ ነው ፎቶ የሚነሳው።» ዓይኗ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረ። «ማነው የያዛችሁ?»

መልስ ሳትጠብቅ ሬዲዮዋን አንስታ ድልድዩ ላይ የተመደበውን ፖሊስ ቁጥር ጠራች። የገባት ይመስላል፤ ደስ ያላት ግን አይመስልም።

ፖሊሱ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ስልኩን ገና ከበሩ በእጁ ይዞታል። ለምንዬን ሲያያት ፈገግ አለ። ያው የጠዋቱ ፈገግታ።

«አንቺ ልጅ! ፈልጌ ፈልጌ! ድልድዩ ሥር ጥለሽው ሄድሽ እኮ። ሌላ ሰው ቢያገኘው ኖሮስ?»

ጠበቃው ከወንበሩ ብድግ አለ። እናቱ በሹራቡ ጎትታ አስቀመጠችው።

ሳጅኗ ስልኩን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ፖሊሱን አላየችውም። ልጅቷን ነው ያየችው። «ወድቆብሽ ነበር?»

ፖሊሱ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። ለምንዬ ፊቱን አየችው። ይኼ ሰው ቤቱ ገብቶ ዛሬ እንዴት ዋልክ ሲባል ምን ብሎ ነው የሚመልሰው? እንደዚሁ እየሳቀ ነው?

«ወድቆ ከሆነ እዚህ ጋ ፈርመሽ ውሰጂ» አለች ሳጅኗ። «ካልወደቀ ደግሞ ቃልሽን እቀበላለሁ። ቃል ሲባል ከመጀመሪያው ነው፣ አንድ በአንድ። አዛዡም ሲመጣ ይሰማዋል። አመሻሽ ላይ ነው የሚመጣው።» እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋ አደረገችው። «አውቶቡስ ያለባችሁ ትመስላላችሁ።»

«ፈርሚ» አለ ጠበቃው በሹክሹክታ። «በቃ ፈርሚ፣ እንሂድ።»

ለምንዬ ዞር ብላ አየችው። የሚገርም ነው። ቅድም ልክ አስገባዋለሁ ሲል የነበረው ልጅ አሁን ከእናቱ ብሶ ሰዓቱን ያያል። ወደ አክስቷ ዞረች። አክስቷ ግን የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች እየፈታች፣ ስልኩን ታያለች።

ስልኩ እዚያው ነው፣ ክንድ ከዘረጉ የሚደርስበት ቦታ። የሚያስፈልገው አንድ ፊርማ ነው። ከዚያ ይኼ ሰውዬ ወደ ድልድዩ ይመለሳል፣ እነሱም ወደ ቤታቸው። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው መዘውሮቹን ሊያይ ይመጣል።

እስክሪብቶውን አነሳችው። ከዚያ ሳጅኗ ፊት መልሳ አስቀመጠችው።

«አልወደቀም።»

ፖሊሱ ሳቀ። «እንዴ! ተረስቷት ነው...»

«አንተን አልጠየቅሁም» አለች ሳጅኗ። ባዶ ወረቀት ሳበች፣ እስክሪብቶውን አነሳች፣ በእግሯም መቀመጫውን ወደ ለምንዬ ገፍታ «ተቀመጪ» አለቻት። ድምጿ ውስጥ ቁጣም ምስጋናም የለም። ረጅም ሥራ የሚጀምር ሰው ድምፅ ነው።

ለምንዬ ተቀመጠች። «እቴቴ፣ ይቅርታ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ነገ ሥራሽ...»

አክስቷ ከአግዳሚው ተነሳች። የወረቀት ትኬቶቹን ከቦርሳዋ አውጥታ አገላብጣ አየቻቸው፤ ነገ ጠዋት እንድትሸፍንላት የምትለምናትን ባልደረባዋን ያሰበች ይመስል ፊቷን ጨፈገግ አደረገች።

«አንተ» አለች ለልጇ፣ «ከጎኗ ሁን። አፍህን ብቻ ያዝልኝ። እኔ መናኸሪያ ሄጄ እነዚህን ለነገ ላዘዋውር።»

ፖሊሱን ይቅርታ ጠይቃ በአጠገቡ አለፈችና ወጣች፤ በሩንም ከውጭ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።