ክፍት የተገኘው ጠመንጃ

ሽማግሌው ሃልቮር ስተንስሩድ ከኢላማው ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች የጥይት ቀዳዳዎቹን ርቀት ሲለኩ እንደነበሩት ተዘርግተው ቀርተዋል። ጥይቱ የገባው በጀርባቸው ነው።

የአውራጃው ምክትል ሸሪፍ ቨርና ሊንዳል ከሬሳው ቀና ብላ ወደ ተኩስ መስመሩ ተመለከተች። የቆርቆሮ ዳስ፣ ከሥሩ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጠመንጃ። ከዳሱ ኋላ አንድ ፒካፕ፣ ዳሱ አካባቢ አራት ሰዎች። የአጋዘን አደን ወቅት ሊከፈት ሲል በአሜሪካዋ ሞንታና ቤተሰብ ሁሉ እንዲህ ወጥቶ ማነጣጠሪያውን ያስተካክላል፣ ሳንድዊቹን በልቶ ይመለሳል። ጠመንጃው የሃልቮር ሟች ሚስት ንብረት ነበር፤ ከቃታው ሥር ባለው ማንሻ የሚጎርስ አሮጌ መሣሪያ። ዛሬ ለልጅ ልጃቸው ለኮሪን ሊያወርሱት አምጥተውት ነበር።

ቨርና ዳሱ ሥር ገባች። ማንሻው ወደ ታች ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። ሳትነካው ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች፤ ባዶ ነው። ከጠረጴዛው እግር አጠገብ አንድ ቀለህ ወድቋል።

«ማን ነካው?»

«ማንም» አለ ሮይስ፣ የኮሪን አባት፣ የሟቹ አማች። «ከባረቀበት ደቂቃ ጀምሮ እዚሁ ቆሜ ስጠብቀው ነበር። ማንንም አላስጠጋሁም። እኛ ሕጉን እናውቃለን፣ ወይዘሮ ቨርና።»

«እንዴት ባረቀ?»

«ልጅቷ ጥይት ውስጡ ረስታለች። ማንሻውንም ሳትከፍት ነው አስቀምጣው የሄደችው። አሮጌ ነው፤ ከአሸዋ ከረጢቱ ላይ ተንሸራቶ ጠረጴዛውን ሲመታ ተኮሰ። ሌላ ምን ይሆናል? ልጅ ናት። ማንም አይፈርድባትም።»

ቨርና ያለውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። እሷ ሁልጊዜ ከሹክሹክታ ባልበለጠ ድምፅ ነው የምትናገረው፤ በተናደደች ቁጥር ደግሞ ድምፅዋ ይብሱን ይወርዳል።

ወደ ላይል ሄደች፤ የሃልቮር ወንድ ልጅ ነው፣ ፊቱ በእንባና በአቧራ ጨቅይቷል።

«የት ነበርክ?»

«እ?»

«ሲተኮስ የት ነበርክ?»

«ጮክ ይበሉ እንጂ! ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ የገባብኝ ነው የሚመስለኝ።» ራሱም ይጮሃል። «ከዳሱ ጥግ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ! እህቴ ጋርኔት ሳንድዊች ትፈታለች፣ ኮሪን ወደ መንገዱ ዞራ ተቀምጣለች። ማንም ማንን አላየም።»

«ሮይስስ?»

«አላየሁትም። እሱ ተኮሰ እንዳይሉኝ ብቻ! እሱ ቆሞ የሚጠብቀውን አጋዘን እንኳ መምታት የማይችል ሰው ነው።»

«ከአባትህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ትናንት ራት ላይ። የከብት እርባታውን ለኮሪን እሰጣለሁ አለን። ተናድጃለሁ፣ አዎ! እህቴም ተናዳለች፣ ባሏም ተናዷል። ታዲያ አባቴን እገድላለሁ?»

ጋርኔት ከዳሱ ምሰሶ ሥር ልጅዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ቨርና ስትጠይቃት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ፊት አዘነበለች።

«የጆሮ መሸፈኛሽስ?» አለች ቨርና፣ ጠጋ ብላ።

«አባባ ከኢላማው ሆኖ ስለሚጣራ ሁላችንም አውልቀን ነበር። ‹ሁለት ጣት ወደ ግራ ትስታለች!› እያለ ይስቅ ነበር። ከዚያ...»

ኮሪን አሥራ ዘጠኝ ዓመትዋ ነው። ወደ ኢላማው በኩል አትመለከትም።

«ከፍቼው ነው የሄድኩት» አለች። «አያቴ ወደ ኢላማው ከመሄዱ በፊት አይቶታል። ጥይትም አልነበረውም። ከፍቼዋለሁ እኮ... ወይስ አልከፈትኩም? አባዬ አልከፈትሽም ይላል። እሱ ካለ እንግዲህ... እኔ ነኝ፣ አይደል? አያቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ቨርና አጠገቧ ተንበርክካ ነበር። ተናዳለች። ሳትዞር፣ በንፋሱ መሃል፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀች፦

«ሮይስ፣ አንተስ ሽማግሌው ያሉትን ሰምተሃል?»

«አዎ። ሁለት ጣት ወደ ግራ» አለ ሮይስ ከጠረጴዛው አጠገብ።

«መሸፈኛህን አውልቀህ?»

«አውልቄ ነዋ! አለዚያ እንዴት እሰማለሁ?»

ቨርና ቀስ ብላ ተነሣች። ላይልን፣ ጋርኔትንና ኮሪንን ወደ ጠረጴዛው ጠራቻቸው። እዚያ አውራጃ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ ጮኸች።

«ይህን ሁላችሁም እንድትሰሙልኝ እፈልጋለሁ! ኮሪን፣ በተለይ አንቺ! ይህ ጠመንጃ ማንሻው ተከፍቶ ሳለ አይተኩስም። ተዘግቶ ቆይቶ በራሱ ባርቆ ቢሆን፣ እኔ ስመጣ እንደተዘጋ፣ ቀለሁ በሆዱ እንዳለ ባገኘሁት ነበር። ቀለህ በራሱ አይወጣም። የሰው እጅ ማንሻውን ወደ ታች መግፋት አለበት። እኔ ግን ማንሻውን ክፍት፣ ቀለሁንም መሬት ላይ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ አንድ ሰው ጥይት አጎረሰ፣ ተኮሰ፣ መልሶ ከፈተ።»

«ባርቆ ነው ለማስባል የፈለገ ሰው ለምን ይከፍተዋል?» አለ ላይል።

«አስቦ አልከፈተውም! እዚህ አገር ልጅ ሆነን ጠመንጃ ስንይዝ መጀመሪያ የምንማረው ምንድን ነው? ተኩሰህ ስትጨርስ ክፈት። ጭንቅላቱ ያላዘዘውን እጁ አደረገው። ሰው ገደለና ሕጉን አከበረ!»

ጋርኔት አፍዋን ያዘች።

«ማነው?» አለች።

«በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ጆሮው ሳይሸፈን ይህ ነገር አጠገቡ የተተኮሰበት ሰው እስከ ማታ ጆሮው ይጮሃል። ወንድምሽ ‹ጮክ ይበሉ› አለኝ። አንቺ ከንፈሬን ነበር የምታይው። ልጅሽ የሰማችኝ አጠገቧ ተንበርክኬ ነው። አንድ ሰው ብቻ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ በዚህ ንፋስ፣ በሹክሹክታ ስጠይቀው ፈጥኖ መለሰልኝ። ከሁላችሁም ይልቅ ለጠመንጃው ቅርብ የነበረው እሱ ነው። የሽማግሌውን ቃል ሰምቷል፤ ያን ጊዜ መሸፈኛውን አውልቋል። ከዚያ መልሶ አጠለቀው። ተኩስ እንደሚመጣ የሚያውቀው የሚተኩሰው ሰው ብቻ ነው!»

ሁሉም ወደ ሮይስ ዞሩ።

«አንቺ አሮጊት፣ ጆሮዬ ጤነኛ ስለሆነ ልታስሪኝ ነው?» አለ።

«ጠመንጃውንስ ማን ከፈተው? ማንንም አላስጠጋሁም ያልከኝ አንተ ነህ።»

ሮይስ ማንሻውን አየ፤ ገና አሁን ያየው ይመስል ነበር። ፊቱ ደም መሰለ።

«ሃያ ዓመት!» አለ። «ሃያ ዓመት አጥሩን አጠርኩ፣ በበረዶ ጥጃ አዋለድኩ! እርባታውን ለዚህች ለትናንት ልጅ ሊሰጥ ነው፤ ለእኔ ግን አመሰግናለሁ እንኳ አላለኝም!»

ኮሪን እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች፤ ጮኾ ነበርና።

«አቅፈኸኝ ነበር» አለች። «ስንቀጠቀጥ አቅፈኸኝ፣ ‹ማንም አይፈርድብሽም› አልከኝ።»

«ይረሳሽ ነበር» አለ ሮይስ። «ልጅ ነሽ። ወደ ከተማ ሄደሽ ትረሺው ነበር።»

ላይል ተወረወረበት። ቨርና በትከሻዋ መሃል ገብታ ገፋችው፤ የሮይስን እጆች ወደ ኋላ ጠምዝዛ ስታስር አላዘነችለትም፣ ካቴናው አጥብቆ ሲይዘውም አላላላችለትም።

«ጋርኔት» አለ ሮይስ፣ ወደ መኪናው ሲገፋ፣ «ለጥጆቹ ድርቆሽ...»

«የጥጆቹን ስም አትጥራ!» አለች ሚስቱ።

ኮሪን ከዳሱ ወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢላማው ዞረች።

«አጠገቡ መቆም እችላለሁ?»

«አያትሽ አስከሬን አንሺዎቹ እስኪመጡ መነካት የለባቸውም» አለች ቨርና።

«አልነካውም። ብቻውን እንዳይሆን ነው።»

ቨርና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ በሣሩ መሃል እየተራመደች ሄደች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ እየሮጠች።