ባትሪው የጠጣው ጸበል

እኔ ለጂንም ለዛርም ለሕልም ፍቺም ጆሮ የለኝም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህና እንግባባ። ዕድሜዬን ከሽቦና ከፊውዝ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መብራት ከጠፋ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ መኪና ካልተነሳ ባትሪ ወድቋል፣ ከዚህ ያለፈው ለእኔ የሥራ ፈት ወሬ ነው። በደርግ ጊዜ ከቢቸና ወደ ሞጣ ስንሄድ የገጠመኝን ግን ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል፣ አዎ፣ ከፍርሃቱ በፊት ንዴቱ ነው የሚመጣብኝ፣ ለምን እንደሆነ ስትሰማው ይገባሃል።

ያኔ የክትባት መኪና ሹፌርም ኤሌክትሪሺያንም ነበርኩ። መኪናዋ በእርዳታ የመጣች፣ ቤት በላት፣ ሁለት አልጋ፣ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያና የክትባት መድኃኒት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ያላት፣ ገጠር ስንወጣ እዚያው አብስለን እዚያው የምንተኛባት ናት። ሞተር ሲጠፋ ፍሪጁን የሚያሠሩት ከአልጋው ሥር የተደረደሩት ባትሪዎች ናቸው፣ የባትሪውን ኃይል ለፍሪጁ እንዲስማማ አድርጎ የሚለውጥ ኢንቨርተር የሚባል ሣጥን ደግሞ አለ፣ ሲሠራ ቀይ መብራት ያበራና «እምምም» ይላል። የድሮዎቹ ባትሪዎች አርጅተው ስለነበር ስንት ደጅ ጠንቼ አዳዲስ የከባድ መኪና ባትሪ አስመጣሁ፣ ገመዱን በወፍራም ቀየርኩ፣ ማሰሪያውን በግራሶ ቀባሁ፣ በቃ ሙሽራ አስመሰልኳት።

ሞጣ ዙሪያ ኩፍኝ ገብቷል፣ ልጅ እንደ ቅጠል እየረገፈ ነው። ልንነሳ በተሰናዳንበት ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ መጣና፣ ስሙን አልጠራውም፣ «ጓድ ሙሉዓለም፣ ባትሪዎቹን ለድምፅ ማጉያ እንፈልጋቸዋለን፣ የሕዝብ ስብሰባ አለ» አይለኝም መሰለህ!

«ጓድ፣ ያለ ባትሪ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ይበላሻል፣ ልጆች እያለቁ ነው» አልኩት።

«ስብሰባውም ለልጆቹ ነገ ነው» ብሎኝ እርፍ።

እመነኝ፣ መፍቻው እጄ ላይ ነበር፣ የያዘኝ እግዜር ነው። የአንድ ቀን የተባለው ስብሰባ ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞር ሁለት ሳምንት ፈጀ፣ መድኃኒቱን በጤና ጣቢያው የላምባ ፍሪጅ አስቀምጠን እርር ድብን ስንል ከረምን። ባትሪዎቼ ሲመለሱ ውኃቸው ደርቆ፣ ኃይላቸው ተሟጦ ነው። ይባስ ብሎ ያው ሰውዬ «ምን ትጠብቃላችሁ፣ ሕፃናት እየሞቱ!» ብሎ ጮኸብን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የመኪናዋ ዘበኛ አያ ይግዛው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ሞጣ ተድራ እናንየ የምትባል የልጅ ልጅ አለቻቸው፣ የእናንየን ታላቅ ወንድም ኩፍኝ ወስዶታል፣ እሷን ሳይደርስባት ለማስከተብ ነው አብረውን የሚሄዱት። ለእሷ ብለው ከሩቅ ምንጭ በእግራቸው ሄደው የቀዱትን ጸበል በጀሪካን ይዘዋል። እኔ ከሞተሩ ጋር ስታገል «አያ፣ የባትሪ ውኃ የለም፣ ከጤና ጣቢያው ተጣርቶ የፈላ ንጹሕ ውኃ ለምነው ይጨምሩልኝ» አልኳቸው፣ አጨማመሩን ያውቁታል። ስመለስ ጀሪካኑ ባዶውን ተጋድሟል።

«አያ! ምን አደረጉ?»

«ንጹሕ ውኃ አላልከኝም? ከዚህ የነጻ ከየት ይመጣል?»

«የምንጭ ውኃ ባትሪ ይገላል እኮ! ደግሞስ ጸበሉ የእናንየ አልነበረም?»

«የእሷ ነው። መኪናዋ ካልደረሰች ለእሷ ምን ሊረባት? ይድረስላት ብዬ ነው፣ ልጄ።»

አብራን የምትሄደው ነርስ፣ ሲስተር ጥሩነሽ፣ «ተው አንተ፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ ንዳና እንሂድ፣ ሞተሩ እየሄደ ይሞላው የለ» አለችኝ፣ መድኃኒቱን ጭነን ወጣን።

ደብረ ወርቅን አልፈን ብዙም አልሄድን። ሰኔ ነው፣ አገሩ ጭቃ፣ አንዲት ጅረት ስንሻገር ሞተሩ ውኃ ጠጣና ቀጥ አለ። ብፈታ ብገጥም አሻፈረኝ አለ። እንግዲህ የሞጣ ልጆች ተስፋ የተንጠለጠለው በባትሪው ላይ ነው፣ ጸበል በጠጣው ባትሪ!

የአሲድ መለኪያዬን አውጥቼ ለካኋቸው። ሁሉም ሞተዋል፣ አንድም ነፍስ ያለው የለም። ኢንቨርተሩ ግን እምምም ይላል፣ ቀዩ መብራት ቦግ ብሏል። መለኪያው ነው የተበላሸው ብዬ ረገምኩት። ቀጥሎ ከአልጋው ሥር ብክ፣ ብክ የሚል ድምፅ መጣ፣ ባትሪ እንዲህ የሚንተከተከው ሲሞላ ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ደግሞ ማን ይሞላዋል? ከዚያ ከእምምምታው መሃል ሌላ ድምፅ፣ ቀጭን፣ ሲር... ሲር... የሚል፣ ቆም እያለ።

አያ ይግዛው ከበሩ ተነስተው መጡና «የልጅ ትንፋሽ ነው» አሉ።

«የሣጥኑ ማራገቢያ ነው!» አልኩ፣ ጮህኩ ብልህ ይሻላል። ማዶ ከብት ወደየበረቱ ይገባል፣ ላሞች ለጥጆቻቸው ይጮኻሉ። የሞተ ባትሪ ኢንቨርተሩን እንዳያቃጥለው ብዬ፣ ንዴትም ነበረበት፣ ገመዱን ከባትሪው ራስ ፈትቼ ነቀልኩት።

ሲር ሲሩ ቆመ። እምምምታው አልቆመም። እንዲያውም ጠራ፣ ለስለስ አለ። ገመዱ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ ቀዩ መብራት ያየኛል! ሌላውን ጫፍ ከሣጥኑ ነቀልኩት፣ እምምም። ሣጥኑን ዳሰስኩት፣ መሞቅ ሲገባው እንደ ምንጭ ድንጋይ ቀዝቅዞ ረጥቧል። ሲስተር ፍሪጁን ከፍታ ቴርሞሜትሩን አየችና ቶሎ ዘጋችው።

«ደህና ነው» አለች፣ «እንዴት ደህና ይሆናል? ሙሉዓለም፣ በማርያም፣ ሁለተኛ እንዳትነካው።»

አልነካሁትም። ሲነጋ እህል የጫነ የሞጣ ነጋዴ ደርሶ፣ አላህ ይስጠው፣ በሰንሰለት ጎትቶ ሞጣ አስገባን። ሣጥኑ መንገዱን ሁሉ እንዳንጎራጎረ ነው።

ጤና ጣቢያው ግቢ ልጅ ባዘሉ እናቶች ሞልቷል። ሲስተር መውጋት ጀመረች፣ አያ ይግዛው እናንየን ሊያመጡ ወደ ልጃቸው ቤት ሮጡ ማለት ይቻላል። ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ብቻቸውን ተመለሱ። ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀዋል። ኩፍኙ ከሳምንት በፊት ነበር የያዛት፣ ባትሪዎቼ ስብሰባ ላይ ሲያስጨበጭቡ።

«ገመዱን መቼ ነበር የነቀልከው?» አሉኝ።

«ትናንት፣ ከብት ሲገባ።»

«እሷም ከብት ሲገባ ነው አሉኝ።»

ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሣጥኑ ላይ ጣል አደረጉ፣ በመዳፋቸው የልጅ ራስ እንደሚዳበስ ዳበሱት። ከውጭ ሲስተር «ይህቺ የመጨረሻዋ ናት» ስትል ሰማሁ፣ ሕፃኗ በመርፌው ጮኸች፣ ያኔ እምምምታው ቆመ። ቀዩ መብራትም ጠፋ። ባትሪዎቹን ስከፍታቸው ያን ሁሉ ጸበል የጠጡት ሆዳቸው ጠብታ የለውም፣ አመድ ሆነዋል።

ሲስተር ተአምር ነው ትላለች። እኔ አልልም! ተአምር ከሆነ የእናንየን ጸበል ለሌላው ልጅ አውሎ እሷን ምን በድላው ይተዋታል? ካልሆነስ እዚያ ሣጥን ውስጥ ማን ነበረ? ያ ሰውዬ ደግሞ «ስብሰባው የተሳካ ነበር» ተብሎ ተመሰገነ፣ ጉድ በል! ሁለት ሳምንት ባይበላብን እኮ ዛሬ እናንየ የልጆች እናት ነበረች።

አሁን ቤቴ ፍሪጅ አለ፣ ልጆቼ ናቸው የገዙልኝ። ከብት መግቢያ ሰዓት ላይ እምምም ካለ ተነስቼ እነቅለዋለሁ። ሚስቴ «ወተቱን ልታበላሸው ነው» ትላለች፣ ይበላሽ። እጄን ጎኑ ላይ አድርጌ ጸጥ እስኪል እጠብቃለሁ፣ ሁልጊዜም ወዲያው ጸጥ ይላል።

ትናንት ግን ትንሽ ቆየብኝ።