ከገደሉ ራቅ ብሎ የወደቀው ሰው

አባይነህ ከጓሳ ገደል በታች ሞቶ ሲገኝ አገሩ ገዳዩን ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገውም። በኃይሉ የተባለ ያገሩ ሰው አምና፣ እንዳይታጨድ በተዘጋው የጓሳ መሬት ሣር ሲያጭድ ተይዞ ተቀጥቷል፤ ያስያዘውም አባይነህ ነበር። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ተባለና ነገሩ አለቀ። በዚያ ላይ የዓይን እማኝ አለ፤ ያውም ሕዝቡን አስምለው ሣሩን የዘጉት የጓሳው ጠባቂ፣ የሟቹ አማት አቶ ወልደ ሥላሴ።

ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ከመሐል ሜዳ ከተማ ስትደርስ የሟቹ ወንድሞች ጠመንጃቸውን ይዘው በኃይሉ በታሰረበት ጣቢያ በር ላይ ተቀምጠዋል። በኃይሉ ቢፈታ ውሎ አያድርም፤ ባይፈታ ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል። እሷ ግን ያየችውን ደግማ የምታይ፣ የሰማችውን ቶሎ የማታምን ሴት ናት።

«የት ነበርክ?» አለችው በኃይሉን።

«በግ ጠፍታብኝ ስፈልግ።»

«ማን አየህ?»

«በጓ።»

አቶ ወልደ ሥላሴ በርኖሳቸውን እንደተከናነቡ በአንገታቸው ብቻ ሰላም አሏት። አባይነህ ጠርዙ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ በኃይሉ ከኋላው ሲገፈትረው ከማዶ ሆነው ማየታቸውን ነገሯት። እጃቸውን ለሰላምታ ለምን እንዳልዘረጉ ስትጠይቅ፣ ድስት ሲያወጡ ተቃጥለው ነው አሉ። በዚያ አገር የእሳቸው እኩያ ወንድ ድስት ሲያወጣ ወሰንየለሽ ሰምታ አታውቅም።

ሬሳውን አየች። በቀኝ እጁ አንጓ ላይ የገመድ ሰንበር አለ፤ ልብሱ ሣር በሣር ነው።

በማግስቱ የሟቹን ወንድሞች፣ ሚስቱን፣ አቶ ወልደ ሥላሴንና በኃይሉን ገደሉ አፋፍ ላይ ሰበሰበቻቸው። የሰው ክብደት ያለው የአፈር ጆንያ ጠርዙ ላይ አቁማ በኃይል አስገፈተረችው። ጆንያው ከገደሉ ሥር፣ እርከኑ ላይ ወደቀ። አባይነህ የወደቀበት፣ ደሙ ያለበት ድንጋይ ግን ከእርከኑ አልፎ ነው።

«ቆሞ የተገፋ ሰው እዚያ አይደርስም» አለች። ቀጥላ ሁለት ፖሊሶች አንድ ትልቅ የሣር እስር በታሰረበት ገመድ ጫፍና ጫፍ ይዘው፣ ተንደርድረው እንዲወረውሩት አዘዘች። እስሩ ከደሙም አልፎ አረፈ።

«ሣር ተሸክሞ ቁልቁለቱን ከመውረድ እንዲህ መወርወር ልማዳችሁ ነው። በውርጭ ጣት ሲደነዝዝ ደግሞ ገመዱን አንጓ ላይ መጠምጠም አለ። አባይነህ ጠመጠመ። እስሩ ሲሄድ ሰውየውንም ይዞት ሄደ፤ የሰው ክብደት ስለጎተተው ግን ጉልበቱ ተከፍሎ ጆንያውና እስሩ ካረፉበት መሐል ወደቀ። ደሙ ያለውም እዚያው ነው። እንግዲህ ሌላውን ጫፍ ማን ይዞ ነበር? ጨርሶ ያልሆነ ግፍተራ አየሁ ያለን ሰው አንድ ነው።»

ወንድሞቹ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ወሰንየለሽ መሐል ገብታ በርኖሱን ገለጠች። የሁለቱም መዳፎች ቆዳ ተልጧል።

«ይህ የድስት አይደለም። ገመድ እየተንሸራተተ የላጠው ነው።»

አቶ ወልደ ሥላሴ መሬት ተቀመጡ።

«ይዤው ነበር» አሉ። «ክብደቱ አሸነፈኝ። ወርጄ ገመዱን ቆርጬ ሣሩን ደበቅሁ። አስምዬ የዘጋሁት እኔ፣ ሣሩን ስሰርቅ ነበር ብዬ እንዴት ልናገር?»

«እውነቱን ቢናገሩ ይህ ቁስል ብቻውን ከደሙ ነጻ ያወጣዎ ነበር።»

የሟቹ ሚስት ይታይሽ ቀረበች። ጣሪያዬ አፈሰሰ ብላ ለአባቷ ያለቀሰችው እሷ ናት፤ ሣሩም የሷው ጣሪያ መክደኛ ነበር። የተላጡትን እጆች አንስታ እያገላበጠች አየቻቸው።

«አባቴ» አለች፣ «በኃይሉን የጠቆሙት በየትኛው እጅዎ ነው?»